ለፈረንጁ አባት ያለቀስነው ለቅሶ

መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። በሰም የተወለወለ የእንጨት ወለል ነበር። እስር ቤት እንዲህ ያለ ወለል ይኖረዋል ብዬ ስላላሰብኩ ደጃፉ ላይ ቆሜ ጫማዬን አወለቅኩ። ያደግኩበት የመነኮሳት ትምህርት ቤት የተወለወለ ወለል በጫማ መርገጥ ያስቀጣ ስለነበር፣ እጄ ሳላዘው ነው ያወለቀው። ጠባቂው "ምን ታደርጊያለሽ?" አለኝ። ጫማዬን እንዳንጠለጠልኩ ገባሁ። መሬት ላይ የተቀመጡ አሥራ አራት ሴቶች ቀና ብለው አዩኝ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ፣ "ይቺ ደግሞ ግብዣ የተጠራች መስሏታል። ነይ እሜቴ፣ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፣ መሬት ላይ ተቀመጪ" አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ ግን አላውቅም።

ቤቱ የካ ተራራ ወገብ ላይ ያለ የአንድ ነጋዴ ቪላ ነበር። ተወርሶ የቀበሌ እስር ቤት ተደረገ። እኛ የነበርንበት የቀድሞው የመመገቢያ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ሥዕል ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ከሌላው ነጣ ብሎ ይታያል። መስኮቱ በቆርቆሮ ተመትቶ ከላይ አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ቀርቷል። በዚያች ስንዝር ወደ እንጦጦ የሚወጣው የባሕር ዛፍ ጫፍ ይታየናል፤ ነፋስ ሲነሳ ቅጠሉ ይሸተናል። ወንዶቹ ከግቢው ማዶ፣ ጋራዡ ውስጥ ነበሩ።

ባሌ እዚያ ነበር። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቤት ነው የያዙን። ምክንያቱ ቤታችን ውስጥ ተገኘ የተባለ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ከተጋባን ገና ስምንት ወራችን ነበር። እኔ የፈረንሳይኛ አስተማሪ ነበርኩ፣ እሱ የመሬት ቀያሽ። ከጋራዡ ጋር መነጋገር አይቻልም፤ ግን ባሌን ደረቱን ብርድ መትቶት ስለነበር ሳሉን ከሌሎቹ ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ። ጠዋት ሲያስል "አደረ" እላለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሳሉ ጠፋ። ጠበቅኩ። ሌሎች አሳሉ፤ እሱ አላሳለም። የጠየቅኩት ጠባቂ ሁሉ "እኔ ምን አውቄ" አለኝ። ማክሰኞ የእስር ቤቱን ካድሬ ጠየቅኩት፤ ፊቱን አዞረ። አሁን የምጽፈው ነገር የሆነው በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው። ያን ቀን በልቤ የያዝኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ባሌ የት ነው?

ሐሙስ የግለ ሂስ ቀን ነበር። ለማያውቁት ልጆች ልንገራቸው። እስረኛው አንድ በአንድ እየተነሳ በአብዮቱ ላይ የፈጸመውን ጥፋት በራሱ አንደበት ይናገራል፣ ሌሎቹ ይተቹታል፣ ካድሬው ይመዘግባል። እውነተኛ ጥፋት መናገር ሊያስገድል ይችላል። ጥፋት የለብኝም ማለት ደግሞ ትዕቢት ነው። ስለዚህ ሴቶቹ እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ ዘዴ አበጅተው ነበር። ሐሙስ ጠዋት፣ ወለሉ ከተጠረገ በኋላ፣ ጥፋት ይከፋፈላል። አከፋፋይዋ እኒያ ወፍራም ሴትዮ ናቸው። ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ጠጅ ቤት ነበራቸው፤ እኛ እትዬ እንላቸዋለን።

"ማርፈድ የማን ነው?" ይላሉ።

"የኔ!"

"አንቺ ባለፈውም ማርፈድ ነበርሽ። ዛሬ ሐሜት ውሰጂ። አስተማሪ፣ አንቺ ንዑስ ከበርቴነቱን ያዢ፤ ፊትሽም ይመስላል።"

"ስንፍናውስ?"

"ስንፍናው የኔ ነው።"

"ኧረ እትዬ፣ እርስዎ ስንፍናን ባለፈው ሐሙስ ጨርሰውታል። 'አሁንም አልታረሙም ወይ?' ይልዎታል።"

"ታዲያ ምን ልሁን? ከበርቴ እንዳልሆን ጠጅ ቤቴን ወርሰውታል። በሉ እስቲ፣ አንድ ሽንኩርት ሰርቄያለሁ ልበል። ሽንኩርት ያስገድላል እንዴ?"

አፋችንን በነጠላ ይዘን ሳቅን።

ከዚህ ክፍፍል ውጭ የነበሩት አንዲት እናት ብቻ ናቸው። ከካራ የመጡ ገበሬ ነበሩ፤ ቅቤና ገብስ ይዘው ገበያ የሚወርዱ። ተማሪ ልጃቸውን ደብቀሻል ተብለው ነው የተያዙት። ከዚያ ሐሙስ ሳምንት በፊት እህታቸው ምግብ ይዛ በር ላይ መጣች። ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ ዘቅዝቃ ለብሳ ነበር፤ ያ የሐዘን አለባበስ ነው። ልጃቸው መሞቱን ማንም አፍ አውጥቶ አልነገራቸውም። በበሩ ስንጥቅ አይተው ተመለሱና ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ።

አላለቀሱም። ለአብዮቱ ጠላት ማልቀስ ክልክል ነበር። ከእኛ በፊት በዚያው ክፍል አንዲት ሴት ለወንድሟ ጮኻ አልቅሳ፣ በዚያው ቀን ወስደዋት አልተመለሰችም። የካራዋ እናት ይህን ያውቃሉ። ሳምንት ሙሉ ዓይናቸው ደርቆ ተቀመጡ። ስናጎርሳቸው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ጉንጫቸው ውስጥ ይዘውት ይቆዩና ይረሱታል። እትዬ፣ "የሷ ጥፋት ዝምታ ይሁን። 'ጥፋቴ ዝም ማለቴ ነው' ትበል፤ ውሸትም አይደል" ብለው ወሰኑ።

ያን ሐሙስ ካድሬው ከልማዱ ቀድሞ መጣ። ቀጭን ወጣት ነበር፣ ከአብዮቱ በፊት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። ሲናገር አሁንም ጠመኔ የነካ ይመስል ጣቶቹን እርስ በርስ ያሻሻል።

"እንግዳ አለ" አለ። "ትልቅ ፕሮፌሰር፣ የአብዮቱ ወዳጅ። ሰፊው ሕዝብ ግለ ሂስ ሲያደርግ ማየት ፈልገዋል። ሥርዓት ይዛችሁ ተቀመጡ።"

ፈረንጁ በእግሩ መጣ። መኪናው ዳገቱ ላይ ሞተሩ ግሎ ቆሞ፣ ከሚኒስቴር አብሮት የመጣው አስተርጓሚ ከሾፌሩ ጋር ውሃ ፍለጋ ቀርቷል። እሱ ግን መጠበቅ አልፈለገም። ሽበታም፣ በጣም ረጅም ሰው ነበር፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ቀይ ጭቃ ሆኗል። ወለሉ ሲጠረግ ያወለቅነው ጫማችን በግድግዳው ሥር ተደርድሮ ሲያይ እሱም ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበር። ካድሬው ግራ ገብቶት የራሱን ጫማ አየ፤ አላወለቀም።

ካድሬው በእንግሊዝኛ ሊያናግረው ሞከረ። ፈረንጁ ፈገግ ብሎ በፈረንሳይኛ መለሰ። አልተግባቡም።

"አስተማሪዋ" አለኝ ካድሬው። "አንቺ ፈረንሳይኛ ነው አይደል የምታስተምሪው?"

"አዎ።"

"ተነሺ። የተባለውን ብቻ። አንድ ቃል ብትጨምሪ..." አልጨረሰውም።

ተነሳሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ፈረንጁና እኔ ብቻ የምንረዳው ቋንቋ ነበረን። የሚያስፈልገኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ "ባሌን ሰኞ ወስደውታል፣ የት እንዳለ ጠይቅልኝ።" ፈረንጅ ከጠየቀ ይመልሱለታል ብዬ አምን ነበር። በትርጉሙ መሃል ሸጉጬ እላታለሁ ብዬ ቁርጥ አደረግኩ።

እትዬ መጀመሪያ ተነሱ።

"እኔ፣ ጓድ፣ አንድ ሽንኩርት ሰርቄያለሁ። ከጋራው ድስት አጠገብ። ለብቻዬ በላሁት። ጥሬውን!"

ሴቶቹ ከንፈራቸውን ነከሱ። እኔ ተረጎምኩ። እዚህ ላይ እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩትን ልናገር። ያ ቋንቋ ለወራት ከአፌ አልወጣም ነበር። ሲወጣ ደስ አለኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ፣ ባሌ ጠፍቶ፣ የካራዋ እናት ግድግዳ ተደግፈው፣ እኔ በጥሩ ፈረንሳይኛዬ ደስ አለኝ። እትዬ ያሉትን አልተረጎምኩም፤ አሳመርኩት። "የሁላችንም ከሆነው ለራሴ ብቻ ወሰድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእህቶቼ ጋር ስቀመጥ ልቤ ይወቅሰኛል" አልኩ። ሐሜት የደረሳት ልጅ "ሰው አምቻለሁ" ብላ ብቻ ተቀመጠች፤ እኔ ግን ምላስ ከእጅ ይልቅ እንደሚያቆስል የሚናገር ረጅም ነገር አወጣሁላት። ማርፈድም በኔ አፍ ሲወጣ ትልቅ የነፍስ ጉዳይ ሆነ።

ፈረንጁ መጻፉን አቆመ። እርሳሱን ከወረቀቱ ላይ አንስቶ ይዞት ቀረ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

"በየሳምንቱ እንዲህ ታደርጋላችሁ?" አለኝ። "እያንዳንዳችሁ? በሁሉም ፊት?"

"አዎ።"

"ከዚያስ በኋላ ምን ይሰማችኋል?"

"ምን አለ?" አለ ካድሬው።

"ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሰማን ጠየቀ።"

"ቀለል ይለናል በይው።"

"ቀለል ይለናል" አልኩት።

ፈረንጁ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በካልሲው እንደቆመ ደብተሩን አጠፈና አንድ ነገር አለኝ። የሰማሁትን ማመን ስላቃተኝ ደግሞ እንዲለው ጠየቅኩት። ደገመው።

"ምንድን ነው?" አለ ካድሬው።

"እኔም ግለ ሂስ ላድርግ ይላል።"

"ማን? እሱ?"

"አዎ።"

"የአብዮቱ ወዳጅ ምን ጥፋት አለበትና?"

"ሽንኩርቱን የወሰደው እሱ ይሆናላ" አሉ እትዬ በሹክሹክታ።

ካድሬው ጣቶቹን አሻሸ። ለእንዲህ ያለ ነገር የተሰጠው መመሪያ አልነበረም። "ይናገር" አለ በመጨረሻ።

ፈረንጁ ተናገረ። በቀስታ፣ ቃል በቃል፣ ወለሉን እያየ። አባቱ በአንድ የገጠር መንደር የቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነበሩ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ንብ ያረባሉ፤ የታመመ ለመጠየቅ በብስክሌት ይሄዳሉ። እሱ የአባቱን ቦታ እንዲይዝ ሃይማኖት ተማረ። አንድ ቀን እምነቱ ጥሎት ሄደ። ተጣልቶ አይደለም፤ ጠዋት ሲነሳ አልነበረም፣ በቃ። አባቱ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱትም። ሲታመሙ ደብዳቤ መጣለት። እሱ በዚያን ጊዜ የዓለም ድሆች እንዴት ነጻ እንደሚወጡ የሚመክር ስብሰባ ላይ ነበር። ስብሰባው እስኪያልቅ ቆየ። አባቱ በበረዶ ወራት ተቀበሩ፤ ሣጥኑን የተሸከሙት ሌሎች ሰዎች ናቸው።

"ከዚያን ጊዜ ጀምሮ" አለ፣ "ሰዎች አንዱ ለሌላው እውነቱን የሚናገሩበትን ክፍል ስፈልግ ኖርኩ። በአባቴ ቤተ ክርስቲያን አጣሁት። በሦስት አገር አብዮት ውስጥ ፈለግኩት። ዛሬ አገኘሁት።"

ይህን አላሳመርኩም። እንዳለው አስተላለፍኩ። ተከፋፍሎ የተያዘ ጥፋት ይዘን የተቀመጥን ሴቶች እውነተኛ ሲመጣብን የት እንደምናይ ጠፋን። ካድሬውም አልመዘገበም።

ከዚያ የካራዋ እናት ተናገሩ። በሳምንት ውስጥ የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር።

"አባቱን አልቀበረም?"

"አልቀበረም" አልኳቸው።

"ማን አለቀሰላቸው?"

ጠየቅኩት። "እኛ አገር ጮክ ብሎ አይለቀስም" አለኝ። ነገርኳቸው።

"ውይ!" አሉ። "ውይ፣ በሞትኩት!"

ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። "ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? ቁመታቸውን ንገሪኝ፣ ሙያቸውን ንገሪኝ" አሉኝ። እንዲህ የሚጠይቅ ማን እንደሆነ ያገር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አልቃሽ ናት፤ ሟቹን ሳታውቅ ሙሾ አታወርድም። ያን ጊዜ ነው በመንደራቸው ለቅሶ ሲኖር የሚጠሩት እሳቸው እንደነበሩ የገባኝ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ ካድሬው።

"የእንግዳው አባት ሞተዋል፣ ልጄ" አሉ እትዬ እየተነሱ። "መርዶ ነው እኮ። እንግዳ ፊታችን ቆሞ ሲያለቅስ ዝም ብለን ልናየው ነው? አገሩ ሲገባ ምን ብሎ ያወራብናል?"

"መቼ ነው የሞቱት?"

ጠየቅኩት። "ከሃያ ዓመት በፊት" አልኩ።

"ሃያ ዓመት!"

"አልተለቀሰላቸውማ!" አሉ እትዬ። "አስከሬኑ ቤት እንዳለ ቁጠረው!"

ካድሬው የአብዮቱ ወዳጅ አባት ለቅሶ ይከልከል የሚል መመሪያ አልነበረውም። የካራዋ እናት ደረታቸውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ አወረዱ፤

"ንብ ያረባ ነበር፣ ደጁ ቀፎ ሞልቶ፣
ማን ይቁረጠው ማሩን፣ ልጁ ሳይኖር ቀርቶ።"

ሴቶቹ ተቀበሉ። መጀመሪያ በለሆሳስ፣ እንደ ሙከራ። ቀጥለው፤

"ረጅም ነበር አሉኝ፣ ቁመቱ እንደ ዛፍ፣
ማን ጠጋ ብሎ አየው፣ ሲወድቅ ከደጃፍ።"

የፈረንጁ አባት በአልጋቸው ነው የሞቱት። ደጃፍ ላይ የወደቀው ማን እንደሆነ ሁላችንም አወቅን። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ፈረሰ። ወንድሟ የሞተባት፣ እጮኛዋ የጠፋባት፣ ልጇ የት እንዳደረ የማታውቅ፣ ሁሉም አለቀሰ። ፈረንጁ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሕጻን ተንሰቀሰቀ።

ካድሬው እኔን አያይም ነበር። ያን ጊዜ ልናገር እችል ነበር። ፈረንጁ ከኔ አንድ እርምጃ ይርቃል። አፌን ከፈትኩ። የካራዋ እናት ግን ክንዴን ያዙኝ፤ "ጠይቂልኝ፣ ሲሞቱ ምን ለብሰው ነበር?"

እኔ ከተውኩ ለቅሶው እንደሚቆም አየሁ። ባሌን ብጠይቅ የፈረንጁ ፊት ይለወጣል፣ ካድሬው ይነቃል፣ እኒህ ሴት ከሳምንት በኋላ ያገኙት እንባ ይቆረጣል። ይህን ሁሉ አሰብኩት? ወይስ አሁን ነው የማስበው? አላውቅም። ልብሱን ጠየቅኩ።

"አላውቅም፤ አላየኋቸውም" አለ ፈረንጁ።

ነገርኳቸው። "እኔም አላየሁ" አሉና፣ አሁን ድምፃቸውን ሳይቆጥቡ፤

"ጋቢ አላለበስኩት፣ አፈር አልመለስኩ፣
የሰው አባት ሞቶ፣ የኔን አለቀስኩ።"

ካድሬው ሰማ። አማርኛው የእናቱ ቋንቋ ነው፤ የሚተረጉምለት አያስፈልገውም። አንዲት ሴት ከዚህ ባነሰ ከዚያ ክፍል እንደተወሰደች ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቆቡን ከራሱ ላይ አወለቀና ወለሉን አየ።

የካራዋ እናት ፊታቸውን ጠረጉ። "በይ ንገሪው" አሉኝ። "አባቱን አልቅሰንላቸዋል። የእኛን ልጆች ግን ማንም አልቀበራቸውም፣ ማንም አላለቀሰላቸውም። ተራው የሱ ነው። የት እንዳደረሷቸው ይጠይቅልን።"

ካድሬውን አየሁት። እሱም አየኝ። "አትበይ" አላለኝም። አንድ ቃል ሳልጨምር፣ አንድ ቃል ሳላሳምር ተረጎምኩ።

ፈረንጁ የካራዋን እናት ሁለት እጆች ያዘ። "አዎ" አለ፣ እንባው እየወረደ። "አዎ። አሮጌውን ዓለም አብረን እንቀብረዋለን። እናንተ ለሚወለደው ዓለም ሁሉንም ሰጥታችኋል። እቀናባችኋለሁ።"

እንደገና ልለው ስጀምር ከሚኒስቴር የመጣው አስተርጓሚ እያለከለከ ደጃፉ ላይ ደረሰ። መኪናው ተነስቷል። ፈረንጁ ጫማውን አደረገ፤ ደጃፉ ላይ ዞሮ እጁን ጨበጠና ከፍ አደረገው። ሄደ። ባሌን አልጠየቅኩለትም።

"ምን አለ?" አለኝ ካድሬው።

"አልገባውም።"

ቆቡን በእጁ አገላበጠ። "ባይገባው ይሻላል" አለና ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ጠባቂው ግቢ እንድንጠርግ ሊያስነሳን መጣ። ነጠላችንን ሁላችንም ዘቅዝቀን፣ በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠን አገኘን።

"ተነሱ!"

"አንነሳም" አሉ እትዬ። "የእንግዳው አባት ሣልስት ሳይወጣ ከሐዘን ቤት አይነሳም። ለአለቃህ እንዲያ በለው። ለራሳችን አይደለም፤ ለአብዮቱ ወዳጅ ነው።"

ጠባቂው ሄደ። ሁላችንም ጠበቅን። ሲመለስ፣ "እስከ ቅዳሜ ብሏል" አለ።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ውሃ የሚቀዱት እስረኞች ወሬውን ወደ ጋራዡ ወስደው ኖሮ፣ ከወንዶቹ "እግዜር ያጽናችሁ" የሚል መልእክት መጣልን። ማን ሞቶ ነው ብለው ሲጠይቁ "የፈረንጁ አባት" ተባሉ። ገባቸው። እኛም ተራ በተራ የሞተብንን ሰው አወጋን፣ ጠባቂው እየሰማ።

"የፈረንጁ አባት ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር" አለች ሐሜት የደረሳት ልጅ። "ኳስ ይወድ ነበር። ግራኝ ነው።"

"የፈረንጁ አባት ሽሮ አይበላም" አሉ የካራዋ እናት። "ከትንሽነቱ ጀምሮ። ቅቤ ካልገባበት ንክች አያደርግም።" ከዚያም የቀረበላቸውን በሉ።

እኔ ስለ ባሌ አላወራሁም። ካወራሁ የሞተ ይሆንብኛል ብዬ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነጠላችንን ገለበጥን፣ ተነሳን፣ ወለሉን ጠረግን። ካድሬው ደጃፉ ላይ መጣና ሳይገባ ቆመ።

"አስተማሪዋ።"

"አቤት።"

"ያንቺ ሰው ታች ወዳለው እስር ቤት ተዛውሯል። ታሟል እንጂ አለ። ቤተሰብሽ ጋቢ ይላኩለት።"

ሌላ ቃል አልጨመረም። ከዚያ በኋላ ብዙ ሐሙስ ግለ ሂስ አስቀምጦናል፤ ያን ቀን እንዳልነበረ ሆኖ። ሽንኩርቱ ግን ተመዝግቦ ኖሯል፤ እትዬን ሁለት ጊዜ ጠይቋቸዋል።

ባሌ ተፈታ፤ እኔም ተፈታሁ። ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ እዚሁ የካ አብረን ኖርን። አምና አረፈ። የዕድሩ ድንኳን መንገዱን ዘግቶ ተተከለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፣ የፈለግኩትን ያህል ጮኼ አለቀስኩ። ማንም አልከለከለኝም።

ከጥቂት ወራት በፊት የእህቴ ልጅ የዚያን ፈረንጅ መጽሐፍ በስልኳ አገኘችው። ፈረንሳይኛ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስለ እኛ የጻፈው አንድ ገጽ ከግማሽ ነው። በተራራ ላይ ባለ ቤት ውስጥ፣ ባዶ እግራቸውን የተቀመጡ ሴቶች፣ የመጀመሪያዎቹ አማኞች ያደርጉት እንደነበረው ኃጢአታቸውን አንዳቸው ለሌላቸው ሲናገሩ አየሁ ይላል። የኔን ስናገር አለቀሱልኝ፣ የአባቴ ቤተ ክርስቲያን ሊሰጠኝ ያልቻለውን ይቅርታ ሰጡኝ ይላል።

"አክስቴ፣ ሲሪየስሊ!" አለች። "ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው? እስር ቤት መሆኑን እንኳ አልጻፈም እኮ!"

"አዎ፣ አልጻፈም።"

"አያናድድሽም?"

መናደድ አልቻልኩም። ምክንያቱም እዚያ ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ከሴቶቹ አንዷ "ከእህቶቼ ጋር ስቀመጥ ልቤ ይወቅሰኛል" አለች ይላል። ቃል በቃል የኔ ፈረንሳይኛ ነው። እምነቱን ፍለጋ ጭቃ ረግጦ ለመጣ ሰው፣ ያገኘ እንዲመስለው ካደረግነው አንዷ እኔ ነኝ። ያሳመርኩትን አመነ። ሳላሳምር የነገርኩትን ሊሰማው አልቻለም። እንባው ግን እውነተኛ ነበር፤ ለዚህ እኔ ምስክር ነኝ። እኔም ያን ቀን ካነባሁት ጥቂቱን ያነባሁት በእውነት ለአባቱ ነው፤ በብስክሌት የታመመ ለሚጠይቁት ሰውዬ። ስንት እጁ ለማን እንደነበር መለየት ግን ያኔም አልቻልኩም።

ፈረንጁም ሞቷል አለችኝ የእህቴ ልጅ። ካድሬው የት እንደደረሰ አላውቅም። ስለ እሱ ምን ማሰብ እንዳለብኝም አላውቅም።

ለባሌ የዚያን ሐሙስ ነገር ሁሉ አጫውቼው ነበር፤ ሽንኩርቱን፣ ካልሲውን፣ ለቅሶውን። እየደጋገመ ንገሪኝ ይለኝ ነበር፤ በሽንኩርቱ ይስቃል። አንድ ነገር ብቻ እዘላለሁ። ስለሱ ልጠይቅ የምችልበት ጊዜ እንደነበረና ስለ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ልብስ እንደጠየቅኩ አልነገርኩትም። በኋላ እነግረዋለሁ እያልኩ አርባ ዓመት አለፈ። ቢሰማው ይስቅ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። አንዳንዴ ደግሞ ዝም ብሎ ወደ መስኮቱ የሚያይ ይመስለኛል።

አንድ ሰው ለአባቱ መናገር የነበረበትን ይዞ፣ አገር አቋርጦ፣ ተራራ ወጥቶ፣ የማያውቃቸው ሴቶች ፊት በካልሲ ቆሞ ለምን እንደሚናገር በወጣትነቴ ግራ ይገባኝ ነበር። አሁን ባሌ የለም፤ እኔም ይኸው ለማላውቃችሁ ነገርኳችሁ።